ሳይታሰብ በምስል ለተገኘ ነገር ኃላፊው ማን ነው?

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ አንድን ጉዳይ ከተለያየ ወገን የሚያነሡ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ ለሌላ ምክንያት በተነሣ የሲቲ ስካን፣ የኤምአርአይ ወይም የአልትራሳውንድ ምስል ላይ ሳይታሰብ የሚገኝ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ያ ግኝት ወረቀት ላይ ተጽፎ እንዳይቀር የሚከታተሉት አስተባባሪ ነርሶች ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከደረጃ ላይ ወድቀው ጎናቸውን ስለተመቱ ድንገተኛ ክፍል ወስደናቸው የደረት ሲቲ ስካን ተነሡ። አጥንታቸው እንዳልተሰበረ ተነግሮን፣ የሕመም ማስታገሻ ታዞላቸው የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ ከሆስፒታሉ ደውላ በቀኝ ሳንባቸው ውስጥ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ኖዱል (ትንሽ ክብ እብጠት) መታየቱን፣ ከስድስት ወር በኋላ ምስሉ መደገም እንዳለበትና ቀጠሮውንም እሷ እንደምታስይዝ ነገረችን። አባቴ ለረጅም ዓመታት ያጨሱ ነበር። ነገሩ የሚያሳስብ ከሆነ ሐኪሙ ለምን ያኔውኑ አልነገረን? የሚያሳስብ ከሆነስ ለምን ስድስት ወር ይጠበቃል? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ነገር የምትወስነው ነርስ ናት?
ግራ የገባት ልጅ

መልስ፦ ነርሷ የደወለችልዎ በአግባቡ ነው፤ ቀጠሮውንም ያስይዙ። ጥያቄዎችዎ ግን ሦስቱም በቂ መልስ ይገባቸዋል።

የደረት ሲቲ ስካን የጎድን አጥንትን ብቻ ለይቶ አያሳይም። ሳንባን፣ ልብንና ትልልቆቹን የደም ቧንቧዎች፣ ከላይ በኩል የታይሮይድ ዕጢን፣ ከታች በኩል ደግሞ የጉበትን የላይኛ ክፍልና ብዙ ጊዜም ከኩላሊቶች በላይ የሚገኙትን የአድሬናል ዕጢዎች ጭምር ያሳያል። ምስሉን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም የተጠየቀው ስለ አጥንት ቢሆንም ያየውን ቁም ነገር ሁሉ የመጻፍ ኃላፊነት አለበት። የድንገተኛ ክፍሉን ሐኪም በዚያች ሰዓት የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው፤ የተሰበረ አጥንት፣ የፈሰሰ ደም ወይም የተጎዳ ሳንባ መኖር አለመኖሩ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ንባብ በስልክ ወይም በአጭር ማስታወሻ ይደርሰዋል፤ ሙሉው ሪፖርት ተጽፎ ሲፈረም ታካሚው ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ሐኪሙም ተራውን ጨርሶ ወጥቷል። በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ያለችው «7 ሚሊ ሜትር ጠጣር ኖዱል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲቲ ስካን ይደገም» የምትል ዓረፍተ ነገር እንግዲህ የሚያነባት ሰው ላታገኝ ትችላለች። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ታካሚውን ዳግመኛ አያየውም። ዘወትር የሚከታተለው ሐኪም ደግሞ ምስል መነሣቱንም ላይሰማ ይችላል። ታካሚው «አጥንትህ ደኅና ነው» ተብሎ ስለተሰናበተ ሌላ ነገር አለ ብሎ አይጠረጥርም። እንዲህ ሲሆን ሁሉም የየድርሻውን ሠርቷል፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር «የእኔ ናት» ብሎ የተረከባት ግን የለም። በዚህ አምድ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ግኝት ስለተጻፈ ብቻ ለባለቤቱ ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ነው። በስም የሚታወቅ አንድ ሰው ካልተረከበው ይጠፋል፤ ለእናንተ የደወለችው ነርስም ይህን እንድትረከብ የተመደበች ሰው ናት።

ውሳኔውን በተመለከተ፣ ነርሷ ከራሷ አንቅታ የነገረችዎ ነገር የለም። ምስሉ በምን ያህል ጊዜ ይደገም የሚለውን የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የሚጽፈው በታወቀ መመሪያ ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ምርመራውን የሚያዝዘውም ሐኪም ነው። ለሳንባ ኖዱል በሰፊው የሚሠራበት ፍላይሽነር ሶሳይቲ የተባለው የደረት ራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት ከ6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጣር ኖዱል ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ ሌላ አጋላጭ ምክንያት ለሌለበት ሰው ክትትል አያስፈልገውም። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ እንደ አባትዎ ለረጅም ጊዜ ላጨሰ ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይነሣል። ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ነገሩ ይፋጠናል፤ በሦስት ወር ምስሉን መድገም፣ ፔት ስካን (ስኳር አብዝተው የሚወስዱ ሕዋሳትን የሚያሳይ ምስል) ማንሣት ወይም ናሙና መውሰድ ይታሰባል።

ስድስት ወር መጠበቁ ለብዙ ቤተሰብ እጅግ የሚከብደው ክፍል ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ላብራራ። ኖዱል ክፉ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ዋናው ነገር ዕድገቱ ነው። ጠጣር የሳንባ ካንሰር በአብዛኛው ይዘቱን እጥፍ ለማድረግ ከ100 እስከ 400 ቀን ይወስድበታል። ይዘቱ እጥፍ ሆነ ማለት ደግሞ ወርዱ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ ኖዱል በይዘት እጥፍ ቢሆን በምስሉ ላይ የሚለካው ወርዱ ወደ 8.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚደርሰው። በሁለት ምስሎች መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት ደግሞ ከአለካክ ሊመጣ ስለሚችል እንደ ዕድገት አይቆጠርም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ምስሉ ቢደገም አባትዎ ተጨማሪ ጨረር ከመቀበላቸው በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። ፔት ስካንም ከ8 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ ነገር አስተማማኝ አይደለም፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ላይ በመርፌ ናሙና መውሰድም አስቸጋሪ ከመሆኑ ሌላ አየር ከሳንባ እንዲያመልጥ ሊያደርግ ይችላል። የስድስት ወሩ ቀጠሮ እንግዲህ የቸልታ ምልክት አይደለም። ቸልታ የሚሆነው ቀኑ ሲደርስ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ነው።

እስከዚያው የምስሉን ቅጂ በሲዲ ወይም በሌላ መንገድ፣ ሪፖርቱንም በወረቀት ተቀብለው ቤት ያስቀምጡ። አባትዎ ከዚህ በፊት፣ ከዓመታት በፊትም ቢሆን፣ የደረት ሲቲ ስካን ተነሥተው ከነበረ ለነርሷ ይንገሯት። ይህ ብዙ ሰው የማያስበው ትልቅ ነገር ነው፤ ያው ጠጣር ኖዱል ከሁለት ዓመት በፊት በተነሣ ምስል ላይ በዚያው መጠን ከታየ ጉዳዩ በአብዛኛው በዚያው ይዘጋል። ከዚህ ቀደም ካንሰር ታመው ከነበረ ወይም የሰውነት መከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አልተዘጋጀም። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም የማይለቅ ሳል ከመጣ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ። ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁም አዲሱን ለነርሷ አሳውቋት።

ጥያቄ፦ የ45 ዓመት ሴት ነኝ። የኩላሊት ጠጠር ተጠርጥሮ የሆድ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ጠጠሩ ወጥቶልኝ ደኅና ነኝ። ውጤቴን በስልኬ ስከፍተው ግን በግራ አድሬናል ዕጢዬ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ «ኢንሲደንታሎማ» አለ ይላል። የደወለልኝም የጻፈልኝም የለም። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ችግር ቢኖር ይደውሉልኝ ነበር ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ዝም መባል ደኅና ነው መባል አይደለም። እንዲህ ዓይነት ክትትል የሚያደርግ ነርስ ያላቸው ሆስፒታሎች ጥቂት አይደሉም፤ የሌላቸው ግን ብዙ ናቸው። ባሉበትም ቢሆን አንዳንድ ሪፖርት ከዓይን ያመልጣል። ስለዚህ ሪፖርቱን ይዘው ምርመራውን ወዳዘዘልዎ ሐኪም ወይም ዘወትር ወደሚያይዎ ሐኪም ይሂዱ፤ «ይህን አይተውታል ወይ? ቀጥሎ ምን እናድርግ? ኃላፊነቱን የሚወስደውስ ማን ነው?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

የሚያጽናና ነገርም አለ። «ኢንሲደንታሎማ» ማለት ለሌላ ምክንያት በተነሣ ምስል ላይ ሳይታሰብ የተገኘ እብጠት ማለት ነው። በሆድ ሲቲ ስካን ከ100 ሰዎች በ4 ወይም በ5 ያህሉ ላይ እንዲህ ያለ የአድሬናል እብጠት ይታያል፤ አብዛኛውም ጉዳት የሌለው ነው። ሐኪምዎ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። አንደኛው እብጠቱ ክፉ ነው ወይ የሚለው ነው። ለኩላሊት ጠጠር የሚነሣው ሲቲ ስካን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት ስለሆነ የእብጠቱ ጥግግት ከዚያው ምስል ላይ ሊለካ ይችላል፤ በሃውንስፊልድ መለኪያ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስብ ያዘለ፣ ክፉ ያልሆነ እብጠት ነው። 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የእርስዎ ከዚያ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ዕጢው ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል ወይ የሚለው ሲሆን፣ እርስዎ የደም ግፊት ስላለብዎ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኮርቲሶል ለተባለው ሆርሞን፣ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ማታ ተወስዶ በማግሥቱ ጠዋት ደም ይመረመራል፤ ለደም ግፊቱ ደግሞ እሱን የሚቆጣጠሩት አልዶስቴሮንና ሬኒን በደም ውስጥ ይለካሉ። እንደ እብጠቱ ጥግግት ሜታኔፍሪን የተባለው ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። የደም ግፊትዎ መንስኤ ይህ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ሊለወጥ ስለሚችል ድንገተኛው ግኝት ጠቅሞዎታል ማለት ነው።

ታካሚው ውጤቱን ከሐኪሙ ቀድሞ ማየቱ አዲስ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል ደንብ ሪፖርቶች እንደተፈረሙ ያለ መዘግየት ለታካሚው እንዲከፈቱ ያደርጋል፤ የፔንስልቬንያ ግዛትም በ2018 ባወጣው ሕግ ጉልህ ያልተለመደ ነገር በምስል ሲታይ ለታካሚው በቀጥታ ማስታወቂያ እንዲላክ ደንግጓል። ሁለቱንም ተገቢ አድርጌ አያቸዋለሁ። ነገር ግን ሌሊት ስልኩን ከፍቶ «እብጠት» የሚል ቃል ያነበበ ሰው በማግሥቱ የሚደውልለት ነርስ ከሌለ የተሰጠው መረጃ ሳይሆን ጭንቀት ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ሆስፒታል በምስል ላይ ድንገት የሚገኙ ነገሮችን እንድከታተል መድቦኛል። የተሰጠኝ ጠረጴዛ፣ ስልክና የሪፖርቶች ክምር ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይህ ሥራ መነሻው የካንሰር ሕክምና ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሃሮልድ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1990 በኒው ዮርክ ሃርለም ሆስፒታል፣ አጠራጣሪ የጡት ግኝት የታየባቸው ድሆች ሴቶች ከምርመራ እስከ ሕክምና ባለው መንገድ ላይ ተንጠባጥበው እንዳይቀሩ ከጎናቸው የሚቆም ሰው መመደብ ጀመሩ። የእርስዎም ሥራ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእርስዎ ታካሚዎች መታመማቸውን እንኳ የማያውቁ፣ አብዛኞቹም ያልታመሙ መሆናቸው ነው።

በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይያዙ። በሳንባ ኖዱል ቢጀምሩ ይሻላል፤ መመሪያው ግልጽ ነው፣ ቁጥሩም ብዙ ነው፣ ዘግይቶ መገኘቱም ዋጋ ያስከፍላል። እሱ ሲደላደል አድሬናልን፣ የታይሮይድ ኖዱልን፣ የቆሽት ከረጢቶችን፣ የኩላሊት እብጠትን፣ የሆድ ውስጥ አዎርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) መስፋትን ይጨምሩ። የአዎርታው ነገር በተለይ እንዳይረሳ እለምንዎታለሁ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሰፍቷል ይባላል፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ያድጋል፣ በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ጥገና ይታሰባል፤ የሚፈነዳ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ከስልኩ በፊት ከራዲዮሎጂ ሐኪሞቹ ጋር መቀመጥ ያስፈልግዎታል። «ከታካሚው ሁኔታ ጋር ይገናዘብ» ወይም «ክትትል ቢደረግ ጥሩ ነው» የሚል ሪፖርት ሊከታተሉት የሚችሉት ነገር አይደለም። ምን ዓይነት ምርመራ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ለምን የሚል ሪፖርት ግን ቀጠሮ ይወጣዋል። ሐኪሞቹ እንዲህ ያለውን ግኝት ሲጽፉ በኮምፒውተሩ ላይ አንድ የተስማማችሁበት ምልክት ቢያደርጉ፣ ወይም ጽሑፉን የሚያነብና የክትትል ቃላትን የሚለቅም ሶፍትዌር ካለ፣ ዝርዝሩ በየቀኑ በራሱ ይመጣልዎታል። ሶፍትዌሩ የለቀመውን ግን በሰው ዓይን ማየት ግድ ነው፤ «ክትትል አያስፈልግም» የሚለውንም ለቅሞ ያመጣል።

በዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የምስሉ ቀን፣ ምን እንደተገኘ፣ በየትኛው ወገን፣ መጠኑ፣ የተመከረው ምርመራ፣ መደረግ ያለበት የመጨረሻ ቀን፣ ለየትኛው ሐኪም እንደተነገረ፣ ታካሚው መቼና በማን እንደተነገረው ይጻፍ። ይህ ዝርዝር በእርስዎ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ መኖር የለበትም። እርስዎ ታመው ቢቀሩ ወይም የዓመት ፈቃድ ቢወጡ ሌላ ሰው በዚያው ቀን ከፍቶ የሚቀጥለው መሆን አለበት።

ሲደውሉ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ሰው ራሱ ታካሚው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለሌላ ሰው የሚነገረው ታካሚው ከፈቀደ ብቻ ነው። ቀጥለው «ስለ ምርመራው ውጤት እስካሁን የነገረዎ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ያድምጡ። ካንሰር የሚለውን ቃል እርስዎ ባያነሡትም እሱ ያስበዋል፤ ስለዚህ ራስዎ አንሥተው ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሙ በተስማማበት አነጋገር ይንገሩት። ካበቁ በኋላ የሰማውን በራሱ ቃል እንዲመልስልዎ ይጠይቁት። «ኤክስሬይ ላይ ጠባሳ ታይቷል አሉኝ» ካለዎ እንደገና ማስረዳት አለብዎት ማለት ነው። መምጣት የማይችልበት ምክንያት ገንዘብ፣ መጓጓዣ፣ ቋንቋ፣ የሚያስታምመው ሰው መኖር ወይም ፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የሥራዎ ከባዱም ክቡሩም ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ የትኛውም ሶፍትዌር አይሠራልዎትም።

ስልክ ካልተነሣ በተለያየ ሰዓት ይሞክሩ፤ ከዚያ መድረሱ የሚረጋገጥ ደብዳቤ ይላኩ፤ ሐኪሙንም ያሳውቁ። አንድን ጉዳይ ከዝርዝሩ የሚያወጡት ምርመራው ሲደረግ፣ ሌላ ቦታ ተደርጎ ውጤቱ በእጅዎ ሲገባ፣ ሐኪሙ አያስፈልግም ብሎ ምክንያቱን ሲጽፍ፣ ታካሚው ተረድቶ እምቢ ሲል፣ ወይም በሕይወት ከሌለ ነው። «ስልክ አያነሣም» ብቻውን መዝጊያ ምክንያት ሊሆን አይገባም። አለቆችዎ በወር ስንት ስልክ እንደደወሉ ቢጠይቁዎ ይንገሯቸው፤ ነገር ግን ከተመከረላቸው ሰዎች ስንቱ በጊዜው ተመረመሩ የሚለውን ቁጥር ሳይጠይቁዎም ያቅርቡላቸው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሁሉን መከታተል ጥሩ ክትትል አይደለም። ቀላል የኩላሊት ውኃ መቋጠርን፣ ቦስኒያክ በተባለው አመዳደብ አንደኛው፣ ማለትም ስጋት የሌለበት፣ ምድብ ውስጥ የሚገባውን፣ ማንም በየዓመቱ ማየት የለበትም። አላስፈላጊ ምስል ጨረር፣ ወጪና የማይበርድ ጭንቀት ያመጣል። ሪፖርቱ ከመመሪያው የራቀ ክትትል የሚጠይቅ ሆኖ ካዩት ሐኪሙን መጠየቅ መብትዎ ብቻ ሳይሆን ሥራዎም ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 84 ዓመታቸው ነው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ቆሽታቸው ላይ ትንሽ ውኃ የቋጠረ ነገር ታይቶ ነርሷ ለኤምአርአይ ብትደውልም «በዚህ ዕድሜዬ አትነካኩኝ» ብለው እምቢ አሉ። ማስገደድ አለብን?

መልስ፦ አታስገድዷቸው። እንዲህ ያለ ክትትል ዋጋ የሚኖረው የሚገኘው ነገር ሕክምናውን የሚለውጥ ከሆነ ነው፤ እናትዎ ከባድ ቀዶ ሕክምና የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ከሆነ ምስሉ መደጋገሙ ከድካም በቀር የሚጨምርላቸው ነገር ላይኖር ይችላል። ሆኖም «አትነካኩኝ» ያሉት ነገሩን ተረድተው ይሁን ወይስ የኤምአርአዩ ጠባብ ማሽን አስፈርቷቸው መለየት ያስፈልጋል። የልብ ሕመማቸውን ከሚያውቀው ሐኪም ጋር አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ያድርጉ፤ በዚያ ቀን ነርሷም ብትገኝ መልካም ነው። ውሳኔያቸው ያው ከሆነ ሐኪሙ ከነምክንያቱ በካርዳቸው ላይ ይጻፈው፤ ነርሷም ከዝርዝሯ ታውጣቸው። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም ወይም ክብደት መቀነስ ከታየባቸው ግን ለማን እንደምትደውሉ የነርሷን ቀጥታ ስልክ ተቀብላችሁ ያዙ።